የእትዬ ዘሃራ ማሳ አራቱ አዋሳኞች

አንድ ሰው ጠይቆዎት፣ ሳያስቡ ትክክለኛውን መልስ ሰጥተው፣ ከዚያ በኋላ «ይህን እኔ ከየት አወቅሁት?» ብለው ያውቃሉ? እኔን ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ነገር ገጠመኝ። የልጄ የሥራ ባልደረባ ደብረ ብርሃን ቤታችን ምሳ ተጋብዛ መጥታ ነበር። በልተን ስንጨርስ እንደ ማፈር እያለች የምትሰግድበት ጥግ ጠየቀችኝና ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫ፣ በየት በኩል እንደሆነ ለማየት ስልኳን ከቦርሳዋ ማውጣት ጀመረች። እኔ ስልኩን ሳልጠብቅ በእጄ የመኝታ ቤቱን መስኮት አሳየኋት። ስልኩም ያንኑ መስኮት አሳየ። ልጅቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማርያም ሥዕል አየች። «እንዴት አወቁ?» አለችኝ። ስገጂና እነግርሻለሁ አልኳት። ከሰገደች በኋላ የነገርኳት ይህንን ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብሁት ከጀውሃ ወደ ታች አንድ ሰዓት ያህል በእግር በምታስኬድ መንደር ነው። የመንደሯን ስም ልተወው፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ፤ ታሪኩንም ከእኔ አሳምረው ያወሩታል። ደጋ ላደገ ሰው ቁልቁለቱ ራሱ ትምህርት ነው። ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደርበው ዋሻውን ያልፋሉ፣ ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን አጥፈው ጭንዎ ላይ ያደርጋሉ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የአውቶቡሱን መስኮት ለመክፈት ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ይታገላሉ። መንደሯ ስደርስ ጫማዬ ውስጥ አሸዋ፣ አፌ ውስጥ አቧራ ነበር። የመጀመሪያውን ፓፓያ ያን ቀን በላሁ።

ቤት የተከራየሁት ከእትዬ ዘሃራ ነው። ባላቸው ጋሽ አህመድ ከሞቱ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሸዋ ሮቢት ሆቴል ቤት ትሠራለች። እትዬ ዘሃራ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን የጭቃ ክፍል ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የሰጡኝ አንድ አዲስ የሸክላ ድስት ነበር። «ሥጋ ስትሠሪ በዚህ፤ ሌላውን በእኔ ድስት መሥራት ትችያለሽ» አሉኝ። በዚያ አገር የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ አይቀላቀልም፤ ሌላው ሁሉ ይቀላቀላል። የማሾ ወጣቸውን በማሽላ እንጀራ ስንበላ ስንት ቀን እንዳመሸን እንጃ።

እትዬ ዘሃራ ያላቸው ሀብት ያች ግቢና አንዲት ጥማድ የማትሞላ የመስኖ ማሳ ነበረች። ማሳዋ ትንሽ ብትሆንም ቦዩ በአንድ ጎኗ ስለሚያልፍ በዓመት ሁለት ጊዜ ታመርታለች፤ በበጋ ሽንኩርት፣ በክረምት ማሾ። የሚያርሱላቸው ጎረቤታቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ አህመድ ከሞቱ ጀምሮ የራሳቸውን ማሳ አርሰው ሲጨርሱ በሬዎቹን ሳይፈቱ ወደ እትዬ ዘሃራ ማሳ ያሻግሩ ነበር። ክፍያ የሚባል ነገር በመካከላቸው ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመቴ የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነው ተባለ። ደርግ ከወደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የያዙት መሬት ነገም በእጃቸው ስለመኖሩ እርግጠኛ የሆነ ገበሬ አልነበረም። በሌላ ቦታ ሽግሽግ ተደርጎ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው መሰጠቱን ሰምተዋል። አሁን ደብተሩ ከመጣ ግን ስምዎ፣ ፎቶግራፍዎ፣ የማሳዎ ስፋትና በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስንዎት ሰው ስም ተጽፎ ማኅተም ያርፍበታል። ማሳውን ለሌላ በውል ማከራየት፣ ለልጅ ማውረስ ይቻላል። ወንድ ልጅ ለሌላት፣ በሬ ለሌላት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እትዬ ዘሃራ ለልጃቸው በሰው ልከውላት ነበር፤ ደብተሩ ሲወጣ የሰው ሰሃን ማጠቡን ትተሽ ትመጫለሽ፤ ሽንኩርቱን አብረን እንሠራለን ብለው።

የቀበሌው መሬት ኮሚቴ ጸሐፊ አስፈልጎት ትምህርት ቤት መጣ። እጄን ለማውጣት የቀደመኝ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሥራ እወዳለሁ፤ መስመር ማስመር፣ ተራ ቁጥር መስጠት፣ ከዚያም ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ማስረዳት። ለካዮቹ ገመድ ይዘው ማሳ ለማሳ ይዞራሉ፤ እኔ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ የዋርካ ጥላ ሥር ጠረጴዛ አስወጥቼ ባለይዞታዎቹን አንድ በአንድ አዋሳኛቸውን እየጠየቅሁ እጽፋለሁ። መመሪያው አዋሳኙም እዚያው ማሳው ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ግን ግንቦት ነበር፤ ፀሐዩ ድንጋይ ያበስላል፤ ጠረጴዛ ይዞ መዞርም አይቻልም። ሥራውን ለሁለት ከፍዬ ያፋጠንሁት መሰለኝ።

ችግሩ የመጣው በመጀመሪያው ቀን ነው። ክርስቲያኖቹ በፀሐይ መውጫ፣ በፀሐይ መግቢያ እያሉ ይመልሱልኛል። ብዙዎቹ ሙስሊሞች፣ በተለይ ሴቶቹና ሽማግሌዎቹ፣ «በምሥራቅ ማን ያዋስንዎታል?» ስላቸው ቆም ይሉና እጃቸውን አየር ላይ ማዞር ይጀምራሉ። የኮሚቴው ሽማግሌ ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ተቀምጠው በመፋቂያ ጥርሳቸውን እየፋቁ ለጥቂት ጊዜ ካዩኝ በኋላ መከሩኝ። በቂብላ ጠይቂያቸው፤ ፊታቸውን ለሰላት እንዳዞሩ አድርገው ፊት፣ ጀርባ፣ ቀኝ፣ ግራ ብለው ይነግሩሻል አሉኝ። እውነትም ሥራው እንደ ቦይ ውኃ ፈሰሰ። እኔም ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በማስመሪያ አንድ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ቂብላ ምሥራቅ፣ ጀርባ ምዕራብ፣ ቀኝ ደቡብ፣ ግራ ሰሜን።

ስህተቱን አይታችሁት ይሆናል። እኔ ግን አላየሁትም። ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን በር ከፍቶ የሚያይ ሰው ሁሉ ጸሎት ወደ ምሥራቅ እንደሚደረግ ያውቃል። ይህ ለእኔ የማንም እምነት ሥርዓት ሳይሆን ልክ እንደ ውኃ መፍላት የተፈጥሮ ነገር ነበር። መካ ባሕር ማዶ ነው፤ ባሕሩም በምሥራቅ ነው ብዬ ጨረስሁት። ክፍሌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ካርታ የኢትዮጵያ ብቻ ነበር፤ ቀይ ባሕር ጫፍ ላይ ያልቃል። እትዬ ዘሃራ የሚሰግዱት ጓዳቸው ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ነው። በመንገድ ዳር ሲሰግዱ ያየኋቸው ወንዶች ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ግን ወዴት ዞረው እንደሆነ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። አጠገቤ ጋሽ ሰይድ ተቀምጠዋል። አንድ ቃል ብጠይቃቸው ያበቃ ነበር። የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ቅጾቹን በአዋሳኝ ማመሳከር ጀመርሁ። የአንዱ ምሥራቅ ለሌላው ምዕራብ መሆን አለበት። ጋሽ ታደሰ «በምዕራብ ዘሃራ» ብለዋል። የእትዬ ዘሃራን ቅጽ ሳወጣ በምሥራቅ በኩል የተጻፈው ጋሽ ታደሰ አልነበሩም፤ ቦዩ ነው። ደጋግሜ አየሁት። በወረቀቱ መሠረት የእትዬ ዘሃራ ማሳ በምሥራቅ ውኃ ድረስ ይደርሳል። ጋሽ ታደሰ ደግሞ በእሳቸውና በውኃው መካከል ገብተዋል። በመስኖ አገር ከዚህ የበለጠ በደል የለም፤ ማሳን ከቦዩ መቁረጥ ማለት ማሳውን መውሰድ ማለት ነው።

ሌሎቹንም አገላበጥሁ። ሠላሳ ያህል ቅጾች አይገጥሙም። የሙስሊም ከሙስሊም ይገጥማል፤ የክርስቲያን ከክርስቲያን ይገጥማል፤ የማይገጥመው ሁሉ በአንድ ወገን የእነ ሰይድ፣ በሌላ ወገን የእነ ታደሰ ስም ያለበት ነው። ያን ጊዜ የገባኝን ፍርሃት ዛሬም አልረሳውም። ሁለቱን ክምር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እነዚህ ሰዎች ለካ ሲገፋፉ ኖረዋል ብዬ አሰብሁ። ወረቀቴ ሊሳሳት ይችላል የሚለው በሐሳቤም አልመጣ።

ቅጾቹ በሕዝብ ፊት የሚነበቡበት ቀን የእነ እትዬ ዘሃራን ሳነብ ቀና ብዬ፣ በዚህ ላይ መገፋፋት ያለ ይመስላል አልኩ። ይመስላል ማለቴ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ከኋላ ተነሡ። ቀጭን፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው።

«መምህርት፣ ያንን ቦይ የቆፈርነው እኔና ነፍሱን ይማረውና አህመድ ነን» አሉ። «ያን ጊዜ አንቺ ጡት እየጠባሽ ነበር። ውኃው ያንቺ ወረቀት ላይ ሲደርስ ነው እንዴ መንገዱን የቀየረው?»

ሰው ሳቀ። እኔ ፊቴ ነደደ፤ ስለነደደም ጠነከርሁ። ክርክር ያለበት ማሳ ደብተር እንደማይወጣለት፣ ከወረዳ ባለሙያ መጥቶ እንደሚያየው፣ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት እንደሚሄዱ አንድ ሁለት እያልሁ አስረዳሁ። ሳቁ ቆመ። ሰዉ ሲበተን ሁልጊዜ ተቀላቅሎ የሚሄደው ሕዝብ ያን ቀን በሁለት ተከፍሎ ሲሄድ አየሁ።

ቤት ስንደርስ እትዬ ዘሃራን ጠየቅኋቸው። ቦዩ በቂብላ በኩል አይደለም ወይ? ነው አሉ። ጋሽ ታደሰ ገፍተዎት ያውቃሉ? ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።

«አንቺ ተምረሻል ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ ያላየሁትን ወረቀቱ ካየው ምን እላለሁ?»

ከማግሥቱ ጀምሮ ጋሽ ታደሰ ሲያልፉ እትዬ ዘሃራ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡም ገባ። ማሾ የሚዘራበት ቀን እንግዲህ ጥቂት ነው፤ ካለፈ አለፈ። ጋሽ ታደሰ የራሳቸውን አርሰው ሲጨርሱ በሬዎቹን ፈቱ። ከእትዬ ዘሃራ ማሳ ጠርዝ ላይ። ለምን እንደሆነ ጋሽ ሰይድ ሄደው ሲጠይቋቸው፣ ክርክር ባለበት መሬት በሬ አላስገባም፣ ነገ አርሶ ነጠቀ እባላለሁ ብለው መለሱ። ትክክል ነበሩ። የራሴ ማብራሪያ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። እትዬ ዘሃራ በየጠዋቱ ወደ ማሳው ወርደው፣ አረሙ ሲወጣ አይተው ይመለሳሉ። ለልጃቸውም ላኩላት፤ ለጊዜው አትምጪ፣ ሥራሽን እንዳትለቂ።

የወረዳው ባለሙያ በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጣ ነው ሲባል ጋሽ ሰይድ ማሳውን አብረን እንየው አሉኝ። ወር ሙሉ ስለዚያ ማሳ ስጽፍና ስናገር ቆይቼ በእግሬ የረገጥሁት ያን ቀን ነው። ሌሊት ዘንቦ መሬቱ ጫማ ይይዛል። የቦዩ ውኃ ደፍርሷል። ከጠዋት ጀምረን የአካባቢውን ማሳዎች ዞረን የእትዬ ዘሃራ ማሳ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆነ። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ጥላ የለም፤ የትኛው ምሥራቅ የትኛው ምዕራብ እንደሆነ በፀሐይ ማወቅ አይቻልም። ወረቀቴን አዙሬ ይዤ በቆምሁበት ግራ ገባኝ።

ጋሽ ሰይድ የዙሁር ሰላት ደርሷል፣ አንዴ ጠብቂኝ አሉና ከቦዩ ዳር እጅና እግራቸውን ታጥበው ውዱእ አድርገው የኩርኩራ ዛፍ ሥር ፎጣቸውን አነጠፉ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሌላ የማየው ስላልነበረ እሳቸውን አየሁ። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ። ፊታቸው ወደ ቦዩ ነው። በስተግራቸው ከሩቅ የጣርማ በር ተራሮች ደመና ለብሰው ቆመዋል። ተራሮቹ በግራ። ተራሮቹ ደግሞ ማታ ማታ ፀሐይ የምትገባባቸው ናቸው። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ በሜዳ አስቁሜ፣ ክንዳችሁን ዘርጉ፣ ተራራው ምዕራብ ነው ብዬ አስተምሬያለሁ።

ምዕራብ በግራው የሆነ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ያውቀዋል።

ሰግደው እስኪጨርሱ እንዴት እንደጠበቅኋቸው እንጃ። ፎጣቸውን ሲያራግፉ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ሁልጊዜ ወደዚህ ነው የሚሰግዱት?» አልኳቸው።

«ታዲያ ወዴት ልስገድ?» አሉኝ። «ወደ ጣርማ በር?»

ደብተሬን ከፍቼ ሰንጠረዡን አሳየኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው፤ ቂብላ ምሥራቅ። እንደገና አንብቢው አሉኝ። አነበብሁት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም።

«ወላሂ አጂብ ነው» አሉ ዓይናቸውን በፎጣው እየጠረጉ። «አንድ አገር ሰው ወደ አፋር አሰገድሽን በይኛ!»

እኔ ያለቀስሁ ይመስለኛል። የእፎይታ ልቅሶ ነበር። ማንም ማንንም አልገፋም። ጋሽ ታደሰ በእትዬ ዘሃራ ቀኝ፣ ማለትም በምሥራቅ ናቸው፤ ራሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው። ቦዩ በሰሜን ሁለቱንም ማሳ ጎን ለጎን ያጠጣል፤ ዓይኔ እያየው ይፈስሳል። የሙስሊም ከሙስሊም የገጠመው ሁሉም በአንድነት ስለዞረ ነው፤ ስህተቱን የደበቀልኝም ይኸው ነው። ሠላሳውም ክርክር የእኔ ነበር፤ የአንዲት አስተማሪ ማስመሪያ ሥራ።

ከደስታዬ ብዛት፣ ዛሬውኑ ትምህርት ቤት ገብቼ ሁሉንም አንድ ማዕዘን እየመለስሁ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ጋሽ ሰይድ ሳቃቸውን አቆሙ።

«አሁንም ተቀምጠሽ?» አሉኝ። «ባለቤቱም ጎረቤቱም ሳይቆሙ እንዳትነኪው።»

ስለዚህ በእግር ዞርን። ሦስት ቀን ፈጀ። በእያንዳንዱ ማሳ ባለቤቱና አዋሳኞቹ ይቆማሉ፣ በእጃቸው ያሳያሉ፣ እኔ እዚያው ጽፌ አነብላቸዋለሁ። በየደረስንበት ጋሽ ሰይድ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይጀምሩታል፤ በየማሳው እኔ እንደ አዲስ አፍራለሁ። ሰው ግን ሲስቅ አብሮ ነው የሚስቀው። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረምሳ፣ ሲያልፈኝ ሆን ብሎ፣ መምህርት፣ የዛሬዋ ጀምበር በየት በኩል ትጠልቃለች ቢለኝ ራሴም ሳቅሁ።

የእትዬ ዘሃራን ማሳ የመጀመሪያ ያደረግሁት ራሴ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ጋሽ ታደሰ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። የሞፈር እንጨት እየጠረቡ ነበር፤ መጥረቢያውን አላስቀመጡም።

«እኔን ተይኝ» አሉኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ ትሳሳቻለሽ። እሷ ግን ሃያ ዓመት አውቃኝ በአንድ ወረቀት ጀርባዋን ሰጠችኝ። እሱ ነው ያመመኝ።»

ይህን ለእትዬ ዘሃራ ልንገር አልንገር እያልሁ ሳመነታ ቆይቼ ነገርኋቸው። በማግሥቱ ማሳው ላይ ሁላችንም ቆመን ሳለ ጋሽ ሰይድ፣ ዘሃራ፣ በቀኝሽ ማን ነው ብለው ጠየቁ። እትዬ ዘሃራ ፊታቸውን ወደ ቦዩ አዙረው ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ ታደሰን ክንድ ያዙ።

«በቀኜ ታደሰ ነው» አሉ። «አህመድ ከሞተ ጀምሮ በቀኜ ታደሰ ነው። ይህን ጻፊ።»

ቅጹ ላይ የተጻፈው «በምሥራቅ ታደሰ» የሚል ብቻ ነው፤ ለሌላው የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ዘወር ብለው፣ እንዲሁ ቆመን ከዋልን ማሾው መች ይዘራል ብለው በሬዎቹን ሊያመጡ ሄዱ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማሳው ታርሶ ተዘራ። ዘግይቷል፤ ያም ሆኖ አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ ዘሃራ እንዳሉት፣ ዝናቡ እስከ መስከረም ስላላቋረጠ በቀለ።

የወረዳው ባለሙያ ወንዙ ሞልቶ ከተቀጠረው ቀን አራት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ክርክር ያለባቸውን ማሳዎች ዝርዝር ሲጠይቀኝ የለም አልኩት። አላመነኝም፤ ሰው ጠይቆ ሲያበቃ ግን የድሮዎቹን ቅጾች በጥንቃቄ ቀዳዶ ጣላቸውና ስለእነሱ ዳግመኛ አላነሣም። ለደብተሩ ብለው እትዬ ዘሃራ ሸዋ ሮቢት ሄደው ፎቶግራፍ የተነሡት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የተቆጡ መስለው ነው የወጡት። ልጃቸው ለሽንኩርቱ ተከላ ተመልሳ መጣች፤ እኔ ተዛውሬ ስሄድ ከሸዋ ሮቢት ነጋዴ ጋር በዋጋ ስትከራከር ትቻት ነው የሄድሁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ብዙ ሰውም እንዲሞላ አስተምሬያለሁ። ባላወቅሁት ነገር የተሳሳትሁበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ የማላውቀውን እጠይቃለሁና። የተሳሳትሁት አውቀዋለሁ ባልሁት ነው። ዕድለኛ ነበርሁ፤ ስህተቴ የደረሰው ሃያ ዓመት አብረው ቦይ ሲጠርጉ በኖሩ ሰዎች ላይ ነው፤ አንድ ወር ቢያስኮርፋቸውም ሊያጣላቸው አልቻለም።

እናንተም ቤት ወይም መሬት ካላችሁ፣ በአንዱ ጠዋት ወረቀታችሁን መሳቢያ ውስጥ ትታችሁ ጎረቤታችሁን ጥሩትና ወሰናችሁን በእግር አብራችሁ ዙሩት። እሱ በእጁ ያሳያችሁ፤ እናንተም አሳዩት። ከዚያ ቤት ግቡና ወረቀቱን አንብቡት። እስቲ ሞክሩት።